መነጽር በመነጽር ላይ

አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ነው የሰጠው። ዓይናችን ላይ የምናደርገውም መነጽር፣ ወታደር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውም መነጽር። የመጀመሪያውን ከ11 ዓመቴ ጀምሮ አድርጌያለሁ። ሁለተኛው ያማረኝ ዘንድሮ ነው፣ በ49 ዓመቴ። ሁለቱን አንድ ፊት ላይ ለማስማማት ሦስት ወር ፈጀብኝ። የሆነውን በሆነበት ቀን ጽፌዋለሁ። እንዳይምታታ ሁለተኛውን ባይኖኩላር እለዋለሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ነገሩ የተጀመረው በ5 ዶላር ነው። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ገብቼ ለልጄ የበረዶ ጫማ ስፈልግ፣ መደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ባይኖኩላር አየሁ። 10×25 ይላል። ኪስ ውስጥ ትገባለች። ገዛኋት። ጫማውን ረሳሁት። ማታ ቤት ስገባ የተባልኩትን አልጽፍም።

ከሱቁ በቀጥታ ሀንትሊ ሜዶውስ ሄድኩ። ሐኪሜ «ተራመድ» ካለኝ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት ፓርክ ነው። ረግረጉ ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል፤ ከ200 በላይ የወፍ ዓይነት ታይቶበታል ይላሉ። እዚያ የማገኛቸው ሰዎች ሁሉ አንገታቸው ላይ ባይኖኩላር አለ። እኔ ብቻ ነበርኩ ባዶ አንገት።

ከመተላለፊያው 40 ሜትር ያህል ርቆ አንድ ቁመተ ረጅም ወፍ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ግሬት ብሉ ሄሮን ይሉታል፤ ለእኛ ዓይን ሽመላ ይመስላል። ባይኖኩላሬን አነሳሁ። ጥቁር። ትንሽ ሳር። ጥቁር። አንድ እግር። እንደገና ጥቁር። ሰው ቤት በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። እግሩን ሳገኝ ምንቃሩ የለም፣ ምንቃሩን ሳገኝ እግሩ የለም። አጠገቤ የቆሙ ሽበታም ሴትዮ የራሳቸውን አንስተው ፀጥ ብለው ያያሉ። «ዓሣ ያዘ!» አሉኝ። «አዎ፣ አየሁት» አልኩ። ዋሸሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «መነጽርህን አውልቀህ ሞክር።» ሳምንቱን ሙሉ ሞከርኩ።

ምክሩ ከመሬት ተነስቶ የተሰጠ አይደለም። ባይኖኩላር መሃሉ ላይ ማዞሪያ አለው። ሩቅ የማያይ ሰው ማዞሪያውን ትንሽ ቢያዞረው ሌንሱ የመነጽሩን ሥራ ይሠራለታል። የዓይናችሁ ቁጥር ትንሽ ከሆነና አስቲግማቲዝም (የዓይን ኃይል በአንድ አቅጣጫና በሌላው መለያየት) ከሌላችሁ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትታችሁ ወፋችሁን ማየት ትችላላችሁ።

የእኔ ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦ ቀኝ ከዜሮ በታች 4.50፣ ግራ ከዜሮ በታች 3.75። አስቲግማቲዝሙ ቀኝ 1.75፣ ግራ 1.25። መነጽሬን አውልቄ ማዞሪያውን ወደ ሩቅ አዞርኩ፤ ዛፉ ሊጠራ ሲል ማዞሪያው አለቀ። ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ደህና ተደርገው የተሠሩት ባይኖኩላሮች ለእንደኔ ዓይነቱ ከ«ሩቅ» አልፎ የሚዞር ትርፍ ይተዋሉ። የእኔ የ5 ዶላሯ አልተወችም።

ማታ በረንዳ ላይ ወጥቼ መንገድ ዳር ያለውን የመብራት ምሰሶ አየሁ። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ያለ መነጽር፣ ማዞሪያው የሚችለውን ያህል ካጠራ በኋላ፣ የሩቅ መብራት ክብ ነጥብ ሆኖ ከታየ እሰየው። ለእኔ ከግራ ወደ ቀኝ ያዘመመ ጭረት ነው የሆነው። ማዞሪያውን ወዲህ ሳደርገው ጭረቱ አቅጣጫውን ይቀይራል እንጂ ነጥብ አይሆንም። ምክንያቱም ማዞሪያው ማድረግ የሚችለው ምስሉን ወደፊትና ወደኋላ መውሰድ ብቻ ነው። አስቲግማቲዝም ያለበት ዓይን ደግሞ በቁመትና በአግድም ኃይሉ የተለያየ ነው። አንዱን ስታስተካክለው ሌላው ይበላሻል። እሱን የሚያርምልኝ መነጽሬ ነው እንጂ ማዞሪያው አይደለም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ወፉን የማየው በመነጽሬ ነው። መነጽሬን ሳወልቅ ወፉም፣ ዛፉም፣ የዛፉ መንደርም ይጠፋሉ። ባይኖኩላሩን ዓይኔ ላይ እስካደርግ ወፉ ሄዷል።

አባቴን አስታወሰኝ። እሱም መነጽር ያደርግ ነበር፤ ከሠራዊት የቀረ አንድ ከባድ የሩሲያ ባይኖኩላርም ነበረው። አሞራ ሊያሳየን ሲል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ባይኖኩላሩን ያነሳል፣ ሰማዩን ወዲያ ወዲህ ይዳብሳል። «የት ሄደ?» ይላል። እኛ በባዶ ዓይናችን እያየነው እንጠቁመዋለን። እሱ ግን አያገኘውም። ያኔ ያስቀን ነበር።

የካቲት 4

ማታ ከሥራ ስመለስ ስለ ቁጥሮቹ አነበብኩ። ሳጥኑ ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ቀላል ናቸው። 8×42 ማለት 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊተኛው ሌንስ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ትልቁ ጉዳይ ሦስተኛው ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ከሳጥኑ ጀርባ በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። አይ ሪሊፍ ይሉታል፣ እኔ የዓይን ርቀት ብየዋለሁ። ዓይን ከኋለኛው ሌንስ ስንት ሚሊ ሜትር ርቆ ምስሉን ሙሉውን ማየት ይችላል ነው ነገሩ።

ባዶ ዓይን ሌንሱን ሊነካ እስኪል ይጠጋል። እኔ ግን መሃል ላይ መስታወት አለኝ። የ5 ዶላሯ የዓይን ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ከሆነና መነጽሬ ዓይኔን 14 ሚሊ ሜትር ካራቀው ቀሪውን አልደርስበትም ማለት ነው። የማየው መሃሉን ብቻ ነው። የቁልፍ ቀዳዳው ምስጢር ይኸው። አብዛኛው ምክር ለባለ መነጽር ቢያንስ 15 ወይም 16 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ወፍራም መነጽር ላለው 17ና 18።

ሌላም አለ። 25ን ለ10 ስናካፍል 2.5 ይመጣል። ይህ ከኋላ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ባይኖኩላሩን በክንድ ርቀት ይዛችሁ ወደ ብርሃን ብታዞሩት ሌንሱ መሃል ላይ ታዩታላችሁ። ቀን ላይ የዓይናችን ብሌን ራሱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው የሚከፈተው። ስለዚህ በ10×25 ሁለቱ ክቦች ልክ በልክ መግጠም አለባቸው፤ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጥቁር። በ8×42 ግን 5.25 ነው፣ ዓይን የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለው። ባዶ ዓይን ያለው ሰው የባይኖኩላሩ የዓይን ጎማ፣ ማለትም በኋለኛው ሌንስ ዙሪያ ያለው ማስደገፊያ፣ ቅንድቡ ላይ ያርፍለትና አይንሸራተትም። የእኔ መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው። በሳሙና ላይ እንደ መቆም ነው።

በቃ፣ ኪስ የምትገባዋን ነገር ተሰናበትኩ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፊቴን ለካሁ። ለካሁ ስል ልጄ ናት የለካችው። 13 ዓመቷ ነው፣ የሂሳብ ማስመሪያዋን ይዛ መጣች።

ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ፊት ለፊት ግድግዳውን አያለሁ። እሷ ከጎኔ ተንበርክካ በአንድ ዓይኗ ታነጣጥራለች። ከዓይኔ ኳስ ፊት እስከ መነጽሩ ሌንስ የውጭ ገጽ ድረስ ነው የሚፈለገው፤ ማስመሪያው ጆሮ ግንዴ ላይ ተደግፏል።

«አባዬ አትሳቅ! ጉንጭህ ሲነሳ መነጽሩም ይነሳል።»

ሳቄን ያዝኩ። 14። እንደገና ለካች፣ 14። በግራ በኩል 15። መነጽሬ ጠማማ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ለዓመታት ጠማማ መነጽር አድርጌ ዞሬያለሁ፣ አንድ ሰው አልነገረኝም።

ከዚያ በሁለቱ ዓይኖቼ ብሌን መካከል ያለውን ለካች፦ 62 ሚሊ ሜትር። ባይኖኩላሩ መሃሉ ላይ የሚታጠፈው ለዚህ ነው። ዓይናቸው ተቀራራቢ የሆነ ሰዎች፣ በተለይ ልጆች፣ አንዳንዱ ትልቅ ባይኖኩላር እስከ መጨረሻው ታጥፎም አይጠብብላቸውም።

ማቀዝቀዣው ላይ በወረቀት ለጠፍኩት፦ 14፣ 15፣ 62። ባለቤቴ የሎተሪ ቁጥር መስሏት ነበር።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

የካምፕና የአደን ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ደግ ነው፣ ግን ለወፍ ነው ስለው ወዲያው 10×42 አወጣልኝ። «የበለጠ ያቀርባል» አለ። ያቀርባል፣ ልክ ነው። የእጅንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያቀርባል። ከዚህም ሌላ፣ በአንድ ሞዴል ውስጥ ማቅረቡ ሲጨምር የዓይን ርቀቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ የሚባለውን ሞዴል ለምሳሌ ውሰዱ፦ 8×42ው 17 ሚሊ ሜትር ነው፣ 10×42ው 15። ሰውነቱ አንድ፣ ስሙ አንድ። ለእኔ ግን ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

መነጽሬን ሳላወልቅ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። አሞካከሬ እንዲህ ነው፦ የዓይን ጎማዎቹን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገባለሁ። የዛሬዎቹ እየተጠመዘዙ ይገባሉ፣ የድሮዎቹ ላስቲክ ናቸው፣ ወደ ውጭ ይታጠፋሉ። ከዚያ የሱቁን የመጨረሻ ግድግዳ አያለሁ፤ ግድግዳውን ሳይሆን የምስሉን ጠርዝ። ዙሪያውን ጥርት ያለ ጥቁር ክብ መስመር ካየሁ፣ ያለው ሁሉ እየታየኝ ነው። ጠርዙ ደብዛዛ ጥላ ከሆነ ወይም ዓይኔን ሳንቀሳቅስ የሚሸሽ ከሆነ፣ የከፈልኩበትን እያየሁ አይደለም።

ሁለት የኒከን ሞዴሎች ልቤን ከፈሉት። ሞናርክ ኤም 7፣ 8×42፦ የእይታው ስፋት 8.3 ዲግሪ ነው፤ ይህ በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 145 ሜትር ያህል ማለት ነው። የዓይን ርቀቱ 17.1። ሞናርክ ኤም 5፣ 8×42፦ ስፋቱ 6.4 ዲግሪ፣ ማለትም 112 ሜትር። የዓይን ርቀቱ ግን 19.5። ሰፊ ምስልና ረጅም የዓይን ርቀት አንድ ላይ በርካሽ አይገኙም፤ አንዱን ስትጎትት ሌላው ያጥራል፣ እንደ አጭር ብርድ ልብስ። ኤም 7ን ሳየው ዙሪያው ላይ ቀጭን ጥላ አለ። ኤም 5ን ሳየው ምስሉ ጠበብ ያለ ነው፣ ግን ሙሉ ነው።

ዋጋቸውን አየሁ። «አስቤበት እመጣለሁ» አልኩት። ሻጩ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቶት ይሆን?

የካቲት 21

ማሰቤ አላዋጣም። ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ 8×42 አገኘሁ። «የዓይን ርቀት 20 ሚሊ ሜትር፣ ለባለ መነጽር የተመረጠ» ይላል። ከኤም 5 ይበልጣል! አዘዝኩ፣ ዛሬ ደረሰ። አደረግኩት። የቁልፍ ቀዳዳ። ከ5 ዶላሯ ሰፋ ያለ ቀዳዳ፣ ግን ቀዳዳ።

እልህ ያዘኝና ለካሁት። ይህንንም ቤታችሁ ሞክሩት። ባይኖኩላሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ መጻሕፍት ደርድሬበት፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሰማዩ ብሩህ ነበር፤ ፀሐይ ራሷ ግን በዚያ በኩል አልነበረችም፣ ወደ ፀሐይማ ፈጽሞ አይዞርም። ከኋላ በኩል፣ ልጄ ሥዕል የምትገለብጥበትን ስስ ወረቀት ለዓይኑ ሌንስ አስጠጋሁ። ወረቀቱ ላይ የብርሃን ክብ ወጣ። ወረቀቱን ቀስ እያልኩ ሳርቀው ክቡ እየጠበበ፣ ጠርዙም እየጠራ መጣ። ከዚያ አልፎ ሳርቀው እንደገና ሰፋና ደበዘዘ። በጣም ጠቦ በጣም የጠራበት ቦታ ላይ አቆምኩ። ዓይኔ መቆም ያለበት እዚያ ነው።

ከወረቀቱ እስከ ሌንሱ 18 ተኩል ሆነ። ከ20 ትንሽ ቢያጥርም ውሸት ነው አልልም። ጉዱ ሌላ ቦታ ነው፦ ሌንሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። የዓይን ጎማው ሙሉ በሙሉ ገብቶም እንኳ ጠርዙ ከሌንሱ 6 ሚሊ ሜትር ወጣ ይላል። መነጽሬ የሚያርፈው ሌንሱ ላይ አይደለም፣ ጠርዙ ላይ ነው። ከ18 ተኩል 6 ሲቀነስ 12 ተኩል። እኔ የምፈልገው 14። ፋብሪካው የሚለካው ከሌንሱ ነው፣ ፊታችን የሚለካው ከጎማው።

መለስኩት። ከዚያች ማታ ጀምሮ የሳጥን ቁጥር አላምንም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ከሥጋና ከቅቤ ያስቀረሁትን ገንዘብ እንደምንም ደምሬ ኤም 5ን ገዛሁ። (ሒሳቡ አይገጥምም፣ ባለቤቴም ነግራኛለች።) በወረቀቱ ለካሁት፦ ከጎማው ጠርዝ ተነስቶም ከ15 አለፈ። ይበቃኛል።

ከዚያ ማስተካከል። መጀመሪያ መሃሉን አጠፍኩት፣ ሁለቱ ክብ አንድ ክብ እስኪሆን። ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር አለ። ቀኙ የዓይን ሌንስ ላይ ዳዮፕተር የሚባል ሌላ ትንሽ ቀለበት አለ፤ በግራና በቀኝ ዓይን መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስተካክል። አንድ ዓይን መጨፈን አያስፈልግም፤ ስንጨፍን የሌላው ዓይን ጡንቻም ይኮማተራል። የቀኙን የፊት ሌንስ በክዳኑ ሸፈንኩ። ሁለቱንም ዓይኔን ገልጬ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፀጉር ቤት ማስታወቂያ በመሃሉ ማዞሪያ አጠራሁ። ከዚያ ክዳኑን ወደ ግራ ወሰድኩና፣ መሃሉን ሳልነካ፣ በትንሹ ቀለበት ብቻ ያንኑ ጽሑፍ አጠራሁ። ለእኔ ዜሮው አጠገብ ነው የቆመው። መነጽሬ ልዩነቱን ስላረመው ለቀለበቱ የተረፈ ሥራ የለም ማለት ነው። ከዜሮ በጣም ርቆ ቢቆም ኖሮ መነጽሬን ላስመረምር እሄድ ነበር። ቀለበቱ ላይ በነጭ እርሳስ ምልክት አደረግኩ፣ ልጄ እንደምትነካካው አውቃለሁና።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ቤል ሄቨን ፓርክ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር። ከፓርኩ ተነስቶ ዳይክ ማርሽ ወደሚባለው ረግረግ የሚገባ የእግር መንገድ አለ። ኦስፕሬዎቹ መጥተዋል! ከሞላ ጎደል ዓሣ ብቻ የሚበላ አዳኝ ወፍ ነው። ክረምቱን ደቡብ ከርሞ በዚህ ወር ይመለሳል። ስም ብናወጣለት ዓሣ አዳኝ ጭልፊት ብለው ደስ ይለኛል።

አንዱ እንጨት በእግሩ ይዞ ወደ ጎጆው ሲበር በዓይኔ አገኘሁት። ዓይኔን ሳልነቅል፣ አንገቴን ሳላዞር፣ ባይኖኩላሩን ብቻ ወደ ዓይኔ አመጣሁት። እዚያው ነው። ከጎን እስከ ጎን፣ ክንፉ፣ ዓይኑ ላይ ያለው ጥቁር መስመር፣ እንጨቱ፣ እንጨቱ ላይ የተንጠለጠለው ሳር። ጮህኩ መሰለኝ፤ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ ችግሮቹ መጡ።

አንደኛ፣ አልፎ አልፎ የባቄላ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ በምስሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። አሁን ደግሞ ዓይኔ ከሚገባው በላይ ቀርቧል ማለት ነው፤ ትርፍ የዓይን ርቀት አለኝ፣ ይገርማል። ጎማውን አንድ ቀጭ አድርጌ ወደ ውጭ አወጣሁት፣ ጠፋ። «ባለ መነጽር ጎማውን እስከ መጨረሻ ያስገባል» የሚለው ሕግ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ ከጎን ስትሆን በመነጽሬና በባይኖኩላሩ መካከል ትገባለች፤ ሌንሱ ላይ የራሴን ዓይን አያለሁ። ባለ ጥላ ኮፍያ አድርጌ አመልካች ጣቶቼን ከጥላው ጋር አያያዝኳቸው፣ አውራ ጣቶቼን ደግሞ ጉንጬ ላይ። ብርሃኑንም ጋረደው፣ እጄንም አረጋው። መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ መጫኑም ቀነሰ።

ሦስተኛው የእርጅና ነው። መነጽሬ ፕሮግረሲቭ ነው፦ ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለንባብ። ጎጆው ዛፍ ጫፍ ላይ ሲሆን ችግር የለም። ወፉ ውሃው ላይ ወርዶ ወደ ታች ሳየው ግን ባይኖኩላሩ የሚያርፈው የንባቡ ክፍል ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር ቅቤ የተቀባ ይመስላል። አገጬን ወደ ደረቴ ማስጠጋት አለብኝ፣ እንደሚሰግድ ሰው።

ጉም ደግሞ አለ። የወንዙ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ባይኖኩላሩ ናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገ ስለሆነ ውስጡ አይደበዝዝም፤ ውጭውን ግን የእኔው ትንፋሽ ያደበዝዘዋል። ሻርቤን ከአፌ ዝቅ ሳደርገው ተሻለ።

መጋቢት 15

የባይኖኩላሩ የኋለኛ ሌንስ ላይ የምራቅ ምልክት አየሁና በሸሚዜ ልጠርገው ስል ራሴን ያዝኩት። ሌንስ መጀመሪያ በአየር ነው የሚራገፈው፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ ለሌንስ በተሠራ ጨርቅ። አሸዋ ቅንጣት ካለችበት ሸሚዝ ማለት የአሸዋ ወረቀት ነው። መነጽራችን ላይም ያው ነው፤ እሱ ደግሞ ፕላስቲክ ስለሆነ የባሰ ይጫራል። የአባቴ መነጽር ሁለቱም ሌንስ ላይ ግማሽ ክብ ጭረት ነበረው። አሁን ነው የገባኝ። አንዳንዴ ሳያወልቅ ሞክሮት ነበር ማለት ነው፤ የሩሲያው የዓይን ማስደገፊያ ደግሞ ላስቲክ ሳይሆን ደረቅ ፕላስቲክ ነበር።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

የዛሬው ነገር ትንሽ ያሳፍራል።

ጠማማውን መነጽሬን ላስተካክል መነጽር ቤት ገባሁ። ባለሙያዋ አየችኝና አፍንጫዬ ላይ የሚያርፉትን ሁለት ፕላስቲኮች በትንሽ መቆንጠጫ ጠበብ አደረገቻቸው፣ ጆሮዬ ጀርባ ያለውንም አጠፈችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ገንዘብ አልተቀበለችም። ቤት ስገባ ልጄ ማስመሪያዋን አመጣች፦ ቀኝ 12፣ ግራ 12።

ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ለዚያውም በነፃ። እኔ ሁለት ሚሊ ሜትር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር፣ ኢንተርኔት ሳስስ፣ ስገዛ ስመልስ ከርሜያለሁ። ችግሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ያኔ 12 ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያ ሰፊው ኤም 7 ዙሪያውን ሙሉ ይታየኝ ነበር። ሱቁ ሄጄ አልሞከርኩትም። አልሞክረውምም፤ ቢታየኝ ምን ልሆን ነው?

ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት መነጽር ቤት። ይህን ለጥር 24ቱ ለራሴ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር።

የኤም 5 ጎማ አሁን ሁለት ቀጭ ወደ ውጭ ወጥቷል። ለሩቅ ብቻ የሆነ፣ ንባብ የሌለበት ርካሽ መነጽርም አዘዝኩ፤ ፍሬሙ ትንሽ፣ ለፊት የሚጠጋ። በባይኖኩላሩ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የወፎቹን መጽሐፍ ለማንበብ ግንባሬ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሩቅ የማያይ ሰው በእርጅናውም ቅርብን በባዶ ዓይኑ ማንበቡ አንድ ጥቅም ነው።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ፋሲካ አልፏል፣ ሆዳችን ሞልቷል፣ ዛፎቹ ቅጠል አውጥተዋል። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን ጋሼን ይዤ ዳይክ ማርሽ ሄድኩ። 74 ዓመታቸው ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ የድሮ መነጽር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ላይ «ወፍ ለማየት ይህን ያህል መንገድ?» ብለውኝ ነበር።

ኦስፕሬው ዓሣ ይዞ መጣ። የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ፊት አዙሮ ነው የሚይዘው፣ ንፋስ እንዳይገፋው። ደረቅ ዛፍ ላይ አረፈ። ባይኖኩላሩን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። ጋሼም ተቀብለው፣ በግራ እጃቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሊሰቅሉ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ኧረ አያውልቁት!»

«ታዲያ በመነጽር ላይ መነጽር ይደረጋል እንዴ?»

ጎማዎቹን እስከ መጨረሻ አስገባሁላቸው፤ የሳቸው መስታወት ከእኔ ይወፍራል። መሃሉን አጠፍኩ፤ «አንድ ክብ ሲሆን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ነጩን የእርሳስ ምልክት አልፌ ቀለበቱን ትንሽ አዞርኩ። ዝም አሉ። መሃሉን ማዞሪያ ራሳቸው በጣታቸው አገኙት።

«አየሁት» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዓሣው ገና ይንፈራገጣል።»

እኔ በባዶ መነጽሬ የማየው ደረቅ ዛፍና አንድ ጥቁር ነጥብ ነው። እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና መብላቱ ነው።»